ግምታዊ የፍሌቨር ሲሜትሪን ተጠቅሞ የከባድ ሜሶኖችን አፈራረስ ማጥናት፦ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከባድ ሜሶን የምንለው ቻርም ወይም ቦተም የሚባለውን ከባድ ኳርክ ከአንድ ቀላል ፀረ-ኳርክ ጋር አጣምሮ የያዘውን ቅንጣት ነው። ከባዱ ኳርክ በደካማው ኃይል አማካይነት ወደ ቀላል ኳርኮች ሲለወጥ ሜሶኑ ይፈርሳል፤ ይህንም ለውጥ በኳርኮች ደረጃ በወረቀት ላይ ማስቀመጥ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኳርኮች ለብቻቸው ነጻ ሆነው ስለማይታዩ ጠንካራው ኃይል እያጣመረ ፓዮንና ካዎን የተባሉ ቀላል ሜሶኖች ያደርጋቸዋል፤ ይህን ሂደት ከመሠረታዊው ንድፈ ሐሳብ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ማስላት፣ በተለይ ሜሶኑ ወደ ሁለት ሜሶኖች በሚፈርስበት ጊዜ፣ በትልልቅ ኮምፒውተሮችም ቢሆን እስካሁን በአብዛኛው አልተቻለም። ስለዚህ ማስላት ያልቻልነውን ነገር ሳናሰላ፣ በአንዱ አፈራረስና በሌላው መካከል ያለውን ዝምድና ብቻ የምናገኝበት መንገድ ያስፈልገናል። ይህን መንገድ የሚከፍትልን የፍሌቨር፣ ማለትም የኳርክ ዓይነት፣ ሲሜትሪ ነው።

በድሬዳዋና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ ከሚያጠኑ ወጣቶች ጋር ስንወያይ፣ የቅንጣት ማፍጠኛ በሌለበት አገር የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማድረግ አይቻልም የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይነሣል። እኔ በዚህ አልስማማም። እዚህ የማቀርበው ሥራ የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስ፣ የመስመራዊ አልጀብራ ዕውቀትና የፓርቲክል ዳታ ግሩፕ በነጻ የሚያሠራጫቸውን የልኬት ሠንጠረዦች ነው። ሠንጠረዦቹ በኢንተርኔት ስለሚገኙ መስመሩ ደህና በሆነበት ሰዓት አንድ ጊዜ አውርዶ በኮምፒውተር ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መብራትም ኢንተርኔትም ቢጠፋ ሥራው አይቆምም።

በመጀመሪያ ሲሜትሪው ከየት እንደሚመጣና ለምን ግምታዊ እንደሆነ በሚገባ መያዝ ያስፈልጋል። ጠንካራው ኃይል የኳርኮችን ዓይነት አይለይም፤ አፕን፣ ዳውንንና ስትሬንጅን እኩል ያያል። ልዩነታቸው በመጠነ ቁሳቸው ላይ ብቻ ነው፦ አፕ ወደ 2.2፣ ዳውን ወደ 4.7፣ ስትሬንጅ ደግሞ ወደ 93 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይመዝናሉ። የጠንካራው ኃይል የራሱ መለኪያ ጥቂት መቶ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ የአፕና የዳውን ልዩነት ከዚህ አንጻር ከቁጥር አይገባም ማለት ይቻላል። ሃይዘንበርግ በ1932 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሠረቱን የጣለው፣ አፕንና ዳውንን እንደ አንድ ጥንድ የሚቆጥረው አይሶስፒን እስከ 1 ወይም 2 በመቶ ድረስ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው። ስትሬንጅን የሚጨምረው ኤስ ዩ 3 የተባለው ሰፊ ሲሜትሪ ግን የሚሰበረው ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚደርስ መጠን ነው። ጌል-ማን እና ኔማን በ1961 ያቀረቡት ይህ ሲሜትሪ፣ እንዲህ ባለ መጠን እየተሰበረም ቢሆን፣ ኦሜጋ-ማይነስ የተባለው ቅንጣት በ1964 በብሩክሄቨን ከመታየቱ በፊት መኖሩንና መጠነ ቁሱን ለመተንበይ አስችሏል። የስብራቱን መጠን በአንድ ቁጥር ለማየት ለሚፈልግ፣ የካዎንን የመፍረሻ ቋሚ (ሜሶኑ በደካማው ኃይል የሚፈርስበትን ጥንካሬ የሚለካውን ቁጥር) በፓዮን የመፍረሻ ቋሚ ሲያካፍል 1.19 ገደማ ያገኛል፤ ሲሜትሪው ፍጹም ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ልክ 1 ይሆን ነበር።

ለጀማሪ ሰው ከኤስ ዩ 3 በሙሉ ይልቅ በውስጡ ካሉት ንዑስ ሲሜትሪዎች አንዱን፣ ማለትም ዩ-ስፒንን፣ ይዞ መነሣት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ዩ-ስፒን ዳውንንና ስትሬንጅን እንደ አንድ ጥንድ የሚቆጥር ሲሜትሪ ነው። የሁለቱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እኩል፣ ማለትም አሉታዊ አንድ ሦስተኛ፣ በመሆኑ የኤሌክትሮማግኔት ኃይል ይህን ሲሜትሪ አይሰብረውም፤ የሚሰብረው የስትሬንጅ መጠነ ቁስ ብቻ ነው። የሚሰብረው ነገር አንድና የታወቀ መሆኑ ደግሞ በኋላ እንደምናየው ትልቅ ጥቅም አለው። ሒሳቡም ማንኛውም የኳንተም ሜካኒክስ ተማሪ ከሚያውቀው የስፒን ሒሳብ የተለየ አይደለም፤ ያው የክሌብሽ-ጎርዳን ሠንጠረዥ ያገለግላል።

አሠራሩን በዲ-ዜሮ ሜሶን አሳያለሁ። ዲ-ዜሮ የተሠራው ከቻርም ኳርክና ከፀረ-አፕ ነው፤ በውስጡ ዳውንም ስትሬንጅም ስለሌለ ዩ-ስፒኑ ዜሮ ነው። ቻርጅ ወዳላቸው ሁለት ፓዮኖች ወይም ካዎኖች የሚፈርስባቸው አራት መንገዶች አሉ፦ ወደ ካዎን-ማይነስና ፓዮን-ፕላስ፣ ወደ ካዎን-ፕላስና ካዎን-ማይነስ፣ ወደ ፓዮን-ፕላስና ፓዮን-ማይነስ፣ እንዲሁም ወደ ካዎን-ፕላስና ፓዮን-ማይነስ። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ፣ ደካማው ኃይል አንዱን ኳርክ ወደ ሌላው የሚለውጥበትን ጥንካሬ የሚዘረዝረው የካቢቦ፣ የኮባያሺና የማስካዋ ማትሪክስ የራሱን ማባዣ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው መንገድ 0.95 ያህል ማባዣ ስላለው ሰፊ ነው፤ መካከለኞቹ ሁለቱ 0.219 ያህል ይይዛሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ 0.051 ብቻ ስለሚደርሰው እጅግ ጠባብ ነው።

ቀጥሎ ደካማውን ኃይል የሚወክለው ሃሚልቶኒያን በዩ-ስፒን ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሰፊው መንገድ ቻርም ወደ ስትሬንጅ፣ አፕና ፀረ-ዳውን ይለወጣል፤ ስትሬንጅና ፀረ-ዳውን አንድ ላይ ሆነው ዩ-ስፒን 1፣ ሦስተኛ ክፍሉም ማይነስ 1 የሆነ ነገር ይሰጣሉ። በጠባቡ መንገድ ዳውንና ፀረ-ስትሬንጅ ስለሚወጡ ሦስተኛው ክፍል ፕላስ 1 ይሆናል። በመካከለኞቹ ደግሞ የስትሬንጅ ጥንድ ሲቀነስ የዳውን ጥንድ ይገኛል፤ ይህም ዩ-ስፒን 1 ሆኖ ሦስተኛ ክፍሉ ዜሮ ነው። በሌላ አነጋገር አራቱም አፈራረሶች የአንድ ባለ ሦስት አባል ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የተነሣንበት ሜሶን ዩ-ስፒኑ ዜሮ ስለሆነ የምንደርስበትም የዩ-ስፒን 1 ሁኔታ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህም የማትሪክሱን ማባዣ ካወጣን በኋላ አራቱም አምፕሊቱዶች በመጠን እኩል መሆን አለባቸው። የማናውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው የምልክት ጉዳይ ነው፦ ፀረ-ኳርኮች በጥንድ ሲደረደሩ ከሁለቱ አንዱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይገባል፤ ይህን ምልክት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፈው ካልያዙት በኋላ የሚደመሩትና የሚቀነሱት ይገለባበጣሉ። ሁለተኛው ፓዮን-ዜሮ፣ ኤታና ኤታ-ፕራይም የሚገቡባቸው መንገዶች ናቸው። እነዚህ ሜሶኖች የዩ-ስፒን ንጹሕ ሁኔታዎች አይደሉም፤ ኤታዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቻርጅ ባላቸው መንገዶች ላይ እጅን ማፍታታት ይመረጣል።

አሁን ትንበያውን ከልኬት ጋር እናገናኝ። ከ1000 የዲ-ዜሮ መፍረሶች መካከል ወደ ካዎን-ማይነስና ፓዮን-ፕላስ የሚሄዱት 39.5፣ ወደ ሁለት ካዎኖች 4.08፣ ወደ ሁለት ፓዮኖች 1.45፣ በጠባቡ መንገድ የሚሄዱት ደግሞ 0.150 ያህል ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች አምፕሊቱዶች አይደሉም። የአፈራረስ ፍጥነት የአምፕሊቱድ ስኩዌር በወጪዎቹ ቅንጣቶች ሞመንተም ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በሞመንተሙ አካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዶ፣ በመጨረሻ በማትሪክሱ ማባዣ ማካፈል ያስፈልጋል። ሞመንተሙ በጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለሁለት ካዎኖች 0.791፣ ለሁለት ፓዮኖች 0.922፣ ለተቀላቀሉት 0.861 ነው። በደብተርዎ ላይ ቢሠሩት የሚከተለውን ያገኛሉ፦

ለሁለት ካዎኖች፦ 4.08 ÷ 0.791 = 5.16፤ ስኩዌር ሩቱ 2.27፤ በ0.219 ሲካፈል 10.4።
ለሁለት ፓዮኖች፦ 1.453 ÷ 0.922 = 1.58፤ ስኩዌር ሩቱ 1.26፤ በ0.219 ሲካፈል 5.7።
ለሰፊው መንገድ፦ 39.5 ÷ 0.861 = 45.9፤ ስኩዌር ሩቱ 6.77፤ በ0.9485 ሲካፈል 7.1።
ለጠባቡ መንገድ፦ 0.150 ÷ 0.861 = 0.174፤ ስኩዌር ሩቱ 0.417፤ በ0.0506 ሲካፈል 8.2።

እኩል ይሆናሉ የተባሉት አራት ቁጥሮች 10.4፣ 5.7፣ 7.1 እና 8.2 ሆነው ተገኙ። የሁለት ካዎኖች አምፕሊቱድ ከሁለት ፓዮኖች አምፕሊቱድ 1.8 ጊዜ ይበልጣል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሲሜትሪው 80 በመቶ ከተሳሳተ ምን ይረባል ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። እኔ ግን ሥራው በትክክል የሚጀምረው እዚህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሲሜትሪው የሚሰበረው እንዳሻው ሳይሆን ራሱን በቻለ ሥርዓት ነው፤ የሲሜትሪው ኃይል ያለውም ስብራቱ ምን መልክ እንደሚይዝ ማወቃችን ላይ ነው።

የሚሰብረው የስትሬንጅ መጠነ ቁስ ነው ብለናል። ይህ የመጠነ ቁስ ክፍል ራሱ የዩ-ስፒን 1፣ ሦስተኛ ክፍሉም ዜሮ የሆነ ነገር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ስብራት ለማግኘት ሃሚልቶኒያኑን በዚህ አንድ ጊዜ ማባዛት ብቻ ይበቃል። ሁለቱ የዩ-ስፒን 1 ነገሮች ሲጣመሩ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣሉ፤ ከሁለት ሜሶኖች የሚገኘው ግን 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆነ 2 ከሒሳቡ ይወጣል። ዩ-ስፒን 0 የሚመጣው በመካከለኞቹ መንገዶች ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም ለሁለት ካዎኖች የጨመረውን ያህል ከሁለት ፓዮኖች ይቀንሳል። ዩ-ስፒን 1 ደግሞ በመካከለኞቹ መንገዶች ላይ የክሌብሽ-ጎርዳን ቁጥሩ ዜሮ ስለሆነ ይጠፋል፤ በሰፊውና በጠባቡ መንገድ ላይ ግን በተቃራኒ ምልክት ይገባል። እንግዲህ የማናውቃቸው ሁለት የስብራት ቁጥሮች ቢኖሩም ሁለቱም በአንድ ወገን ሲደመሩ በሌላው ወገን የሚቀነሱ ናቸው። የሁለቱ መካከለኛ መንገዶች ድምር ከሰፊውና ከጠባቡ መንገድ ድምር ጋር እኩል ነው ብንል፣ የመጀመሪያው ደረጃ ስብራት በሙሉ ይወገዳል።

በከፊራ ገበያ ቡና የሚመዝን ነጋዴ የሚዛኑ አንድ ክንድ ከሌላው ጥቂት የሚረዝም መሆኑን ቢያውቅ ሚዛኑን መጣል አያስፈልገውም፤ ቡናውን አንድ ጊዜ በቀኙ፣ አንድ ጊዜ በግራው ሣህን መዝኖ አማካዩን ቢወስድ የክንዱ ጉድለት በአንዱ ያበዛውን በሌላው ያጎድለዋልና የሚቀረው ስሕተት የጉድለቱ ስኩዌር ያህል ትንሽ ብቻ ነው። የእኛም ድምር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በቁጥር እንየው። ሳናጠጋጋ ብንወስዳቸው 10.37 ሲደመር 5.73 ወደ 16.1 ይመጣል፤ 7.14 ሲደመር 8.25 ወደ 15.4። ሲካፈሉ 1.05 ያህል ነው። በተናጠል 80 በመቶ የሚለያዩ ቁጥሮች በትክክለኛው መንገድ ሲደመሩ ልዩነቱ ወደ 5 በመቶ ወረደ። የስብራቱን መጠን ራሱንም ከዚሁ ማንበብ ይቻላል፦ የካዎኖቹና የፓዮኖቹ ልዩነት በድምራቸው ሲካፈል 0.29 ይሰጣል፤ ይህም ከኤስ ዩ 3 ስብራት የምንጠብቀው 30 በመቶ ነው። የ0.29 ስኩዌር ደግሞ 0.08 ገደማ ስለሆነ የቀረው 5 በመቶ የሁለተኛው ደረጃ ስብራት ሊሆን ከሚችለው አይበልጥም። ታላቅ የመሰለው 1.8 የተወለደው 30 በመቶ በአንዱ ላይ ተደምሮ ከሌላው ላይ ስለተቀነሰ ብቻ ነው፤ 1.29ን በ0.71 ቢያካፍሉት ያው 1.8 ይመጣል። ይህን ስሌት በራሱ እጅ ያልሠራ ሰው የግምታዊ ሲሜትሪን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ተረድቷል ለማለት ይከብደኛል።

ይህን የመሰለ ድምር ለሌሎች መንገዶች ለማግኘት በዕውቀት መገመት አያስፈልግም፤ ሥርዓት ያለው ዘዴ አለው። እያንዳንዱን አፈራረስ በአንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱን ያልታወቀ የሲሜትሪ ቁጥር በአንድ ዓምድ አድርገው ማትሪክስ ይሥሩ፤ በየቦታው የክሌብሽ-ጎርዳኑን ቁጥር ይጻፉ። ረድፎቹ ከማትሪክሱ ራንክ ከበለጡ፣ በትርፉ ቁጥር ልክ በአፈራረሶቹ መካከል የሚጸና ዝምድና አለ። በፓይተን የሚሠራ ሰው ሲምፓይ በተባለው ነጻ ላይብረሪ የማትሪክሱን ትራንስፖዝ ወስዶ ነል ስፔሱን ቢያስወጣ ዝምድናዎቹ ተዘርዝረው ይመጡለታል። ከዚያ የመጀመሪያውን ደረጃ ስብራት ዓምዶች ጨምሮ እንደገና ያስኬደዋል፤ ከዚህም በኋላ የሚተርፉት ዝምድናዎች ናቸው ዋጋ ያላቸው። ለአራት ረድፎች በወረቀት መሥራት ይቻላል፤ ለሙሉው ኤስ ዩ 3 ግን ኮምፒውተሩን መጠቀም ግድ ነው።

ሲሜትሪው ዜሮ ይሆናሉ የሚላቸውን መንገዶችም መፈለግ ጠቃሚ ነው። ዲ-ዜሮ ወደ ሁለት አጭር ዕድሜ ካዎኖች መፍረሱ በሲሜትሪው ወሰን መጥፋት ነበረበት፤ በልኬት ግን ከ10000 ውስጥ 1.4 ያህል ይታያል። እንዲህ ያለው መንገድ ያለ ስብራት ስለማይኖር ስብራቱን በቀጥታ ይለካልናል።

ሲሜትሪው ይበልጥ የሚፈለገው ግን ቁስና ፀረ-ቁስ በሚለያዩበት፣ ሲፒ ጥሰት በሚባለው ጉዳይ ላይ ነው። ኤል ኤች ሲ ቢ የተባለው የሰርን ሙከራ በ2019 በቻርም ሜሶን ላይ ይህን ጥሰት ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ የሁለት ካዎኖችና የሁለት ፓዮኖች አሲሜትሪ (የሜሶኑና የፀረ-ሜሶኑ የመፍረስ ፍጥነት ልዩነት በድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ልዩነት ከ10000 ውስጥ ማይነስ 15.4 ነበር፤ የልኬቱ እርግጠኛ አለመሆን 2.9 ነው። ዩ-ስፒን ሁለቱ አሲሜትሪዎች በመጠን እኩል፣ በምልክት ተቃራኒ ይሆናሉ ይላል። በ2022 እያንዳንዳቸው ተለይተው ሲቀርቡ ግን ለካዎኖቹ 7.7 በ5.7 እርግጠኛ አለመሆን፣ ለፓዮኖቹ 23.2 በ6.1 እርግጠኛ አለመሆን ተገኘ፤ ሁለቱም አዎንታዊ ናቸው። ይህ ከዩ-ስፒን ትንበያ በ2.7 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይርቃል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ተነሥቶ አዲስ ኃይል ተገኘ ማለት አይገባም፤ ይህ ዝምድና ቀደም ሲል ካየነው ድምር በተለየ የመጀመሪያ ደረጃ ስብራት ስለሚነካው 30 በመቶ ልዩነት አስቀድሞ የሚጠበቅ ነው፤ የልኬቱም ስሕተት ገና ሰፊ ነው። ቢሆንም 30 በመቶ ስብራት መጠንን ያዛባል እንጂ ምልክትን በቀላሉ አይገለብጥምና ጉዳዩን በቅርብ መከታተል ይገባል።

በቦተም ሜሶኖች ላይ ዩ-ስፒን ዳውን ያለበትን ቢ-ዜሮንና ስትሬንጅ ያለበትን ቢ-ኤስን ጥንድ ያደርጋቸዋል። ቢ-ዜሮ ወደ ካዎን-ፕላስና ፓዮን-ማይነስ ሲፈርስ ከፀረ-ሜሶኑ ጋር ያለው የፍጥነት ልዩነት፣ ቢ-ኤስ ወደ ካዎን-ማይነስና ፓዮን-ፕላስ ሲፈርስ ካለው ልዩነት ጋር በመጠን እኩልና በምልክት ተቃራኒ መሆን አለበት። የመጀመሪያው አሲሜትሪ ማይነስ 0.083፣ የሁለተኛው 0.224 ያህል ነው፤ ሲካፈሉ ማይነስ 0.37 ይሰጣሉ። ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ የመጀመሪያው መንገድ ወደ 20፣ ሁለተኛው ወደ 5.8 ስለሚደርሰው፣ የሜሶኖቹም ዕድሜ እኩል ሊባል ስለሚችል፣ ትንበያው ማይነስ 0.29 ነው። ምልክቱ ተስማምቷል፤ ልዩነቱም ሩብ ገደማ ነው።

ውጤትዎን ሲጽፉ ለእያንዳንዱ ዝምድና የሚጸናው እስከ ስንተኛው የስብራት ደረጃ እንደሆነ ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ያለዚህ ማብራሪያ አንባቢው 5 በመቶ ልዩነት ስኬት ይሁን ውድቀት መፍረድ አይችልም። የሞመንተሙን እርማት ማድረግዎንና የመጠነ ቁሶቹን ልዩነት ከዚያ ሌላ ምንም እንዳላረሙ ይግለጹ፤ የመፍረሻ ቋሚዎችን ጨምረው ካረሙም የስብራቱን አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥሩ ይጠንቀቁ። የልኬት ሠንጠረዡ በየዓመቱ ስለሚታደስ የተጠቀሙበትን ዓመት ይመዝግቡ።

ለመለማመጃ ቢ-ፕላስን ይውሰዱ። እንደ ዲ-ዜሮ ሁሉ ዩ-ስፒኑ ዜሮ ነው፤ ወደ ሦስት ሜሶኖች ከሚፈርስባቸው መንገዶች መካከል ካዎን-ፕላስ ከሁለት ተቃራኒ ፓዮኖች ጋር የሚወጣበት፣ ፓዮን-ፕላስ ከሁለት ተቃራኒ ካዎኖች ጋር ከሚወጣበት ጋር ይጣመራል፤ ሦስት ካዎኖች የሚወጡበት ደግሞ ሦስት ፓዮኖች ከሚወጡበት ጋር። የእያንዳንዱን ጥንድ አሲሜትሪ ከሠንጠረዡ ያውጡ፤ ምልክቶቹ ተቃራኒ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ቀጥሎ አሲሜትሪውን በየመንገዱ ድርሻ አባዝተው የፍጥነቱን ልዩነት ያነጻጽሩ፤ ዩ-ስፒን እኩል ይሆናል የሚለው አሲሜትሪውን ሳይሆን ይህን ልዩነት ነው።